አንባቢ ይጠይቃል፦ ዌትሱቱ ልኬ ነው ወይስ ሰፍቶኛል?

በዚህ እትም ሦስት ደብዳቤ መርጫለሁ፣ ሦስቱም ስለ አንድ ነገር ናቸው፣ ውሃ ውስጥ ስለሚለበሰው የጎማ ልብስ፣ ስለ ዌትሱት። ደሴና ኮምቦልቻ ከባህር ሩቅ ናቸው ግን ጥያቄው እየበዛ ነው፣ ግማሹ ውጭ ዘመድ ስላለው ነው ግማሹ ደግሞ ሐይቅ እየወረደ ስለሚዋኝ። እኔም ጣልያን አገር ጄኖቫ በነበርኩ ጊዜ ለአመታት የጠላቂ እቃ መሸጫ ውስጥ ሰርቻለሁ፣ ራሴም በትንፋሽ እየጠለቅኩ በጦር አሳ አድን ነበር፣ እና የማውቀውን ሳልሰስት ልንገራችሁ።

ጥያቄ፣ ከኮምቦልቻ

ሰላም ጋሼ እንደምን ከረምክ። የኮምቦልቻ ልጅ ነኝ 24 አመቴ ነው። ወንድሜ ሲሲሊ ነው ሚኖረው፣ እሁድ እሁድ ከጓደኞቹ ጋር ባህር ወርደው ኦክስጅን ምናምን ሳይሸከሙ በትንፋሽ ብቻ በጦር አሳ ያድናሉ። ቪዛዬ ወጥቶልኛል፣ ሐምሌ ላይ እሱ ጋ ሄጄ እስከ መስከረም እቆያለሁ፣ እና ዌትሱት ልግዛልህ ልክህን ላክልኝ እያለ ይጨቀጭቀኛል። ቁመቴ 1 ሜትር ከ81 ነው ኪሎዬ 66፣ ቀጭን ነኝ። ኤል ልበለው ወይስ ኤም? ሰፋ ያለ ይሻልሃል ውስጡ ሹራብ ትደርብበታለህ ያሉኝም አሉ። ውፍረቱስ 3 ሚሊ ነው 5 ነው ወይስ 7? ደሞ ደሴ ገበያ ሰልባጅ ውስጥ ከጀርባው ዚፕ ያለው አንድ ዌትሱት አይቻለሁ፣ ዋጋው ከጂንስ ብዙም አይበልጥም፣ እሱን ልግዛና ልገላገል?

መልስ

አብሽር ወንድሜ፣ ቪዛው ከወጣ ትልቁ ነገር አልቋል። የሹራቡን ነገር ግን መጀመሪያ እንጨርሰው፣ ዌትሱት ስር ሹራብ አይለበስም፣ ሰፋ ያለ ግዛ ያሉህ ሰዎች እንደ ጃኬት አስበውት ነው። እኛ ሰፊ ልብስ ይሞቃል እየተባልን ነው ያደግነው፣ ጋቢው ሰፋ ሲል ሁለቴ ትጠቀለልበታለህ፣ ሀረጎ ላይ ጉሙ ሲወርድ ጋቢ ያለው ሰው ምን ይሆናል። ግን እዛው ሀረጎ ላይ ጋቢህ ባንድ ጎኑ ተከፍቶ ንፋሱ ሲገባብህ አስበው፣ ሙቀትህን ባንዴ ይዞት ነው ሚሄደው። ሰፊ ዌትሱት ማለት ሁሌ ባንድ ጎኑ የተከፈተ ጋቢ ነው፣ ያውም ሚገባው ንፋስ ሳይሆን ውሃ ነው፣ ውሃ ደግሞ ሙቀት በማስተላለፍ አየርን ወደ 25 እጥፍ ገደማ ይበልጠዋል።

አሰራሩን ካወቅከው ልኩን ለመምረጥ ማንም አያታልልህም። ዌትሱት ሚሰራው ኒዮፕሪን ከሚባል ጎማ ነው፣ ጎማው ውስጡ በደቃቅ የጋዝ አረፋ የተሞላ ነው፣ ድፎ ዳቦ ስትቆርስ ውስጡ ያለውን ቀዳዳ አይተህ የለ፣ እንደዛ ነው ግን እያንዳንዱ ቀዳዳ ዙሪያውን የተዘጋ። ሙቀትህን ሚያቆይልህ እሱ አረፋ ነው። በልብሱና በቆዳህ መሃል ሚገባው ስስ ውሃ ነው ሚያሞቀው ሲባል ትሰማለህ፣ ውሃውማ ራሱ ከሰውነትህ በወሰደው ሙቀት ነው ሚሞቀው፣ ስለዚ ቁም ነገሩ አንዴ ከሞቀ በኋላ እዛው መቀመጡ ነው። ይሄን ነገር በፈረንጆቹ 1950ዎቹ መጀመሪያ ያስተዋለው ሂዩ ብራድነር የሚባል አሜሪካዊ የፊዚክስ ሊቅ ነው፣ ጠላቂ የግድ ደረቅ መሆን የለበትም፣ አረፋ ያለው ጎማ ከለበሰ ረጥቦም ይሞቃል ብሎ ተነሳ፣ ዛሬ አለም ሁሉ ሚለብሰው የሱን ሃሳብ ነው። ግን ሃሳቡ ሚሰራው ውሃው ካልተንቀሳቀሰ ብቻ ነው። ሞቆ የወጣ ውሃ ሁሉ የሰውነትህን ሙቀት ይዞ ነው የወጣው፣ በምትኩ የገባውን ቀዝቃዛ ደግሞ እንደገና አንተ ነህ ምታሞቀው።

እኔ የመጀመሪያዬን ስገዛ ጄኖቫ ከገባሁ ሁለተኛ አመቴ ነበር፣ ሻጩ አንድ ቁጥር ከፍ አርጎ ሰጠኝ፣ ለመልበስ ስለቀለለኝ እኔም ደስ ብሎኝ ወሰድኩት። 5 ሚሊ ነው፣ አዲስ ነው፣ እቃው ጥሩ ነው። ህዳር ላይ ይዤው ገባሁ እና ለመጥለቅ ወገቤን ባጠፍኩ ቁጥር ከማጅራቴ የገባ ቀዝቃዛ ውሃ በአከርካሪዬ እስከ ታች ይወርዳል፣ ስቃና ይወጣል፣ እንደገና ስጠልቅ ሌላ አዲስ ቀዝቃዛ ይገባል፣ ልክ እንደ ወናፍ። 40 ደቂቃ ሳይሞላኝ መንጋጋዬ መንቀጥቀጥ ጀመረ፣ ስወጣ ጣቶቼ የቀበቶዬን ዘለበት መፍታት አቅቷቸው ጓደኛዬ ነው የፈታልኝ። ቀበቶው ላይ ያለው ልብሱ እንዳያንሳፍፍህ ወደታች ሚጎትትህ የእርሳስ ክብደት ነው፣ ውሃ ውስጥ ሆኜ መፍታት ቢያስፈልገኝ ኖሮ ብዬ ሳስበው አሁንም ይዘገንነኛል። ጓደኛዬ ግን የለበሰው 3 ሚሊ ነበር፣ ከኔ የሳሳ፣ ልኩ ስለነበር ብቻ እኔን አስቀምጦ ተመልሶ ገብቶ ከአንድ ሰአት በላይ ቆየ። እና ሱቅ ውስጥ በቆየሁበት ጊዜ ሁሉ ለሰው ስናገር የነበረው ይሄንን ነው፣ ውፍረቱን ኋላ፣ ስሙን ኋላ፣ መጀመሪያ ልኩን።

ውሃ ሚሸሸግበት ቦታ የታወቀ ነው፣ የወገብ ጎድጓዳው ከኋላ፣ ብብት፣ ብሽሽት፣ ማጅራት። ከሁሉም ክፉው የወገቡ ነው፣ በተለይ እንዳንተ ቀጭን ለሆነ ሰው። ልብሱን ለብሰህ ቀጥ ብለህ ቁም፣ ወንድምህ መዳፉን የወገብህ ጎድጓዳ ላይ አድርጎ ይጫን። ልኩ ከሆነ መዳፉ ወዲያው ጀርባህን ነው ሚያገኘው። ካልሆነ ጎማው መጀመሪያ ወደ ውስጥ ይገባል፣ እጁን ሲያነሳ ደግሞ ተመልሶ ይነሳል፣ ጣቱን ጀርባህ ላይ ሲያሳርፍ ያ ባዶ ቦታ ይታወቀዋል፣ እሱ ባዶ ቦታ ነው ውሃ ውስጥ ኩሬ ሚሆነው። እንዲህ ከሆነ ይመልሰው፣ ሲለበስ ይስተካከላል ቢሉት አይመን፣ አዲስ ኒዮፕሪን ሲለበስ ትንሽ ይላላል እንጂ አይጠብም። ቀጥሎ ሁለት እጅህን ጦር እንዳነጣጠረ ሰው ወደፊት ዘርጋ፣ እጅጌው ከአንጓህ ላይ ሸሽቶ ክንድህ ከታየ አጥሮሃል፣ ብብትህ ስር ከተነፋ ሰፍቶሃል። ቁጢጥ በል፣ ጉልበትህ ላይ ቢወጠር ችግር የለውም ግን ሱሪው ከብሽሽትህ ወርዶ መራመድ ካስቸገረህ ጥሩ አይደለም። ጀርባህ ላይ አግድም የተጨማደደ ነገር ካለ ሰፊ ነው ወይ ረጅም ነው።

መጥበቡም ግን ልክ አለው። በትንፋሽ ለሚጠልቅ ሰው ሳንባው ነው ሀብቱ፣ ሆድህን ነፍተህ ደረትህን ሞልተህ መሳብ ካልቻልክ ያ ልብስ የሌላ ሰው ነው። የዌትሱቱ ኮፍያ አንገትህን ግራና ቀኝ ከተጫነህ ደሞ በጣም ተጠንቀቅ፣ እዛ ቦታ ላይ የልብ ምትን ሚቆጣጠር ነገር አለ፣ ሲጫኑት ምቱ ይቀንስና ራስህን ያዞርሃል፣ ውሃ ውስጥ ማዞር ቀልድ አይደለም። ጣቶችህን ከደነዘዘህም እንደዛው። በተረፈ ግን ደረቅ ሆኖ ሲለበስ ጭንቅ ጭንቅ ማለቱ ያለ ነው፣ ውሃ ሲነካው ይለሰልሳል፣ ሱቅ ውስጥ ምቹ ሆኖ ያገኘኸው ልብስ ባህር ውስጥ ሰፊ ነው።

አሁን ልክህን እንዴት ትልካለህ፣ ራስህን በራስህ አትለካ። ኮምቦልቻ ጥሩ ልብስ ሰፊ መች ጠፍቶ፣ አንዱ ጋ ሂድና በውስጥ ሱሪ ሆነህ ይለካህ፣ ግን አስቀድመህ አስረዳው። ምክንያቱም ልብስ ሰፊ እጁ ለምዷል፣ ሜትሩ ስር ሁለት ጣት ያስገባና ለትንፋሽ ይልሃል፣ አንዳንዱ ደግሞ ወረቀቱ ላይ ሲፅፍ በልቡ 2 እና 3 ሳንቲ ይጨምራል፣ ለኮት ትክክል ነው፣ ለዌትሱት ግን እሱ 3 ሳንቲ ነው ወናፉ። ሜትሩ ቆዳህ ላይ ይረፍ፣ አያንቅህም አይላላም፣ አንተም ሆድህን አትሳብ ደረትህን አትንፋ። የደረትህን ዙሪያ በጡት ጫፍ ትክክል፣ ወገብህን እምብርት ላይ፣ ዳሌህን ሰፊው ቦታ ላይ፣ ከዛ አንገት፣ ጭንቅላት በግንባር ዙሪያ፣ ጭን፣ ባት፣ ቁርጭምጭሚት፣ የክንድህን ወፍራሙን ቦታ፣ አንጓ። አንድ ደሞ ብዙ ሰው ሚረሳው አለ፣ ከትከሻህ ጀምሮ በደረትህ ወርዶ በእግሮችህ መሃል አልፎ በጀርባህ ተመልሶ እዛው ትከሻህ ላይ ሚገጥም ልክ፣ ቁመትህ ከእግር ይሁን ከወገብ በላይ ሚያሳየው እሱ ነው። ኪሎህንም ጨምርበት። ሁሉንም ሁለቴ ይለካ፣ ሁለቱ ካልገጠሙ ሦስተኛ።

የጣልያን ቁጥር ቀላል ነው፣ የደረት ዙሪያ ለሁለት ይካፈላል፣ ደረትህ 92 ከሆነ 46 ነህ፣ 96 ከሆነ 48። እነ ክሬሲ፣ የጠላቂ እቃ ሚሰሩት የጣልያን ድርጅቶች፣ ደግሞ በፊደልና በቁጥር ነው ሚፅፉት፣ ኤስ 2፣ ኤም 3፣ ኤል 4 እያለ ይሄዳል፣ እና አንዱ ድርጅት ኤም ያለውን ሌላው ኤል ሊለው ስለሚችል ፊደሉን ትተህ የያንዳንዱን የልክ ሰንጠረዥ ማየት ነው። እንዳንተ 1 ሜትር ከ81 ሆኖ 66 ኪሎ የሆነ ሰው ቁመቱ ኤል ይላል ደረቱ ኤስ ወይ ኤም ይላል። እኔ በዙሪያው ሂድ ነው ምልህ። እጅጌው ሁለት ሳንቲ ቢያጥር አንጓህ ትንሽ ይበርደዋል፣ ወገቡ ሁለት ሳንቲ ቢሰፋ ግን መላ ሰውነትህ ነው ሚበርደው። ኤል አይደለም፣ ኤም ነው፣ ደረትህ ከ92 ካነሰ ደግሞ ኤስንም ይሞክሩልህ። ደግነቱ በጦር አሳ ለሚያድን ሰው ሚሰራው ዌትሱት ሁለት ቁራጭ ነው፣ ሱሪና ኮፍያው አብሮ የተሰፋ ጃኬት፣ አንዳንድ ሱቅ ሱሪውን ከአንድ ልክ ጃኬቱን ከሌላ ልክ አድርጎ ይሸጣል። ጣልያን ውስጥ ደግሞ በልክህ ሚሰፉ ትንንሽ ወርክሾፖች ሞልተዋል፣ ሱ ሚዙራ ይሉታል፣ ዋጋው ከፍ ቢልም ለቀጭን ረጅም ሰው ከዛ የተሻለ የለም፣ ወንድምህ አቅሙ ካለው በሱ እንዲሄድ ምከረው።

ውፍረቱን አሁን እንምጣ። ሲሲሊ ከሐምሌ እስከ መስከረም የባህሩ ላይ 25 26 ዲግሪ ይደርሳል፣ 3 ሚሊ ይበቃሃል። ሞቃት ነው ብለህ ግን ያለ ልብስ አትግባ፣ ሁለት ሦስት ሰአት ፊትህን ደፍተህ ብዙም ሳትንቀሳቀስ ነው ምትቆየው፣ ወረድ ስትል ደግሞ ድንገት ቀዝቃዛ ሽፋን ታገኛለህ። ህዳርን ምትቆይ ቢሆን 5 ሚሊ፣ ለክረምታቸው 7 ሚሊ እልህ ነበር። ሲወፍር ይሻላል እንዳትል፣ ሲወፍር ወደላይ ሚያንሳፍፍህ አረፋ ይበዛል፣ ስለዚ ብዙ እርሳስ ትታጠቃለህ። ያ አረፋ ደግሞ ስትጠልቅ ይጨመቃል፣ 10 ሜትር ላይ ግፊቱ ባህሩ ላይ ካለው እጥፍ ነው፣ ልብሱ ይሳሳል፣ ማንሳፈፉም ማሞቁም ይቀንሳል፣ ላይ ሆነህ ልክ የነበረው እርሳስ ታች ይከብድሃል። ለዚህ ነው እርሳስ ሲታጠቁ ላይ ስትሆን ትንፋሽህን ብትለቅም ምትንሳፈፍ አድርገህ ነው ሚባለው። ወንድምህ ይህን ያውቀዋል፣ እሱ አጠገብህ ሳይኖር እርሳስ አትጨምር። ሁለታችሁ ባንዴ አትጥለቁ፣ አንዱ ሲወርድ አንዱ ከላይ ሆኖ ያያል፣ ሰው ራሱን ሚስተው ብዙ ጊዜ ወደላይ ሲመለስ ሊወጣ ጥቂት ሜትር ሲቀረው ነው እና ያን ሰአት አይን ከሌለበት አለቀ። እዛ አገር የአሳ ጦር ከ16 አመት በታች አይፈቀድም፣ በትንፋሽ ብቻ ነው፣ ቀይ ባንዲራ በነጭ መስመር ያለበት ተንሳፋፊ ይዘህ ነው ምትገባው፣ የቀኑም ልክ 5 ኪሎ ነው።

ልብሱ ሲመጣ ውስጡን በጣትህ ንካው። ባዶ ጎማ ከሆነ፣ ጨርቅ ከሌለው፣ ቆዳህን ሚይዝ አይነት ከሆነ እሱ ነው ለዚህ ስራ ሚመረጠው፣ እንደ ቫኩም ይጣበቅና ውሃ አያሳልፍም። ግን ደረቁን እለብሳለሁ ካልክ ትቀደዋለህ። በሃይላንድ ጠርሙስ ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ትንሽ የፀጉር ኮንዲሽነር በጥብጠህ ውስጡን ታረጥበዋለህ፣ ያኔ ሙልጭ ብሎ ይገባል። ጥፍርህን ቁረጥ፣ በጥፍርህ ሳይሆን በጣትህ ሆድ ነው ሚሳበው። ውስጡ ጨርቅ ያለው ከሆነ ደሞ እግርህ ላይ ፌስታል አድርገህ አስገባው፣ ቁርጭምጭሚት ላይ ሚደርስብህን ትግል ያስቀርልሃል።

ሰልባጁን በተመለከተ፣ ከጀርባው ዚፕ ያለው የሰርፍ ልብስ ነው ሚመስለኝ። ለባህሩ አትውሰደው፣ ዚፑ ራሱ ውሃ ያስገባል፣ ደረቱ ላይም ጦሩን ስትወጥር ቂጡን ምታስደግፍበት ወፍራም ነገር የለውም። እዚሁ ለመለማመድ ከሆነ ግን አንድ ነገር ሞክር፣ ጀርባውን በአውራ ጣትህ ጠንከር አርገህ ተጫነውና ልቀቀው። ወዲያው ከተነሳ አረፋው በህይወት አለ። የጣትህ ምልክት ከቀረ ወይ ጎማው እንደ ካርቶን ከደረቀ አረፋው አልቋል፣ ውፍረቱ 5 ሚሊ ቢል የ2 ሚሊ ስራ አይሰራም።

ጥያቄ፣ ከሐይቅ ከተማ

ሰላም ወንድማችን። ደሴ ወሎ ዩኒቨርሲቲ ነው ምማረው ቤተሰቦቼ ግን ሐይቅ ናቸው። ሐይቁ ላይ መዋኘት ካባቴ ነው የተማርኩት፣ አሁን ደሞ በማስክ መጥለቅ ጀምሬ ጠዋት ጠዋት በጣም እየበረደኝ ነው። አክስቴ ከዱባይ ዌትሱት ላምጣልሽ አለችኝ። ሂጃብ ለባሽ ነኝ እና ሰውነት ላይ መጣበቁ አሳሰበኝ፣ የወንድ ኤክስኤል ብታመጣልኝ ሰፋ ብሎ አይሸፍነኝም ወይ? ደግሞስ ቆሮሶና አምባዛ በጦር መያዝ ይቻላል?

መልስ

እህቴ ጥያቄሽ በጣም ተገቢ ነው፣ ማፈርም የለበትም። የወንድ ኤክስኤል ግን እንዳታመጣልሽ። ከላይ ለኮምቦልቻው ልጅ የነገርኩትን ካነበብሽ፣ ሰፊ ዌትሱት ውሃ ሞልቶ ያበርድሻል፣ ከውሃ ስትወጪ ደግሞ ያ የሞላው ውሃ ሁሉ እግርሽ ላይ ተንጠልጥሎ ይጎትትሻል። ምትፈልጊውን ሽፋን ከዌትሱቱ ሳይሆን ከላዩ ከሚደረበው ነው ምታገኚው። ዌትሱቱ ልክሽ ይሁን፣ ከላዩ እስከ ጉልበት ሚደርስ የላይክራ ሸሚዝ ልበሺበት፣ ሙስሊም ሴቶች ለዋና ሚለብሱት አይነት፣ ዱባይ ሞልቷል አክስትሽ ባንድ ሱቅ ሁለቱንም ታገኛቸዋለች። ጥጥ እንዳይሆን፣ ጥጥ ውሃ ይጠጣና ይከብዳል። ሻሽ በመርፌ ቁልፍ አስረሽ አትግቢ ጎማውን ይበሳዋል፣ ጃኬቱ ጋር የተሰፋው ኮፍያ ፀጉርሽንም አንገትሽንም ይሸፍናል፣ ዱባይ ስትገዛ ኮፍያ ያለው ትበል።

አንድ ነገር አደራ ምልሽ፣ የእርሳስ ቀበቶ ምትታጠቂ ከሆነ ከሁሉም በላይ ነው ሚታሰረው፣ ከላይክራው በላይ። ልብስ ከሸፈነው በችግር ሰአት ዘለበቱን ስትፈልጊ እጅሽ ጨርቅ ነው ሚያገኘው። ባንድ እጅ ባንድ ሳብ ሚፈታ ይሁን።

የሴት ልክ ደግሞ ለስሙ አይደለም የተለየው። የወንድ ትንሽ ልክ ሴት ስትለብሰው ዳሌዋን ያጣብቃታል፣ ደረቷን ይጫናል፣ ወገቧ ላይ ግን ከኋላ ክፍተት ይተዋል፣ ስለዚ ባንዴ ጠባብም ሰፊም ይሆናል። ለሐይቅ ጠዋት ለአንድ ሰአት 3 ሚሊ በቂ ነው፣ በጣም በራድ ከሆንሽ 5። የሐይቅ ውሃ ጨው የለውም፣ ጨው የሌለው ውሃ ደሞ ከባህር ያነሰ ነው ሚያነሳሽ፣ ስለዚ ባህር ላይ ይህን ያህል ኪሎ ታጠቂ ተብሎ የተፃፈውን እንዳለ አትውሰጂ፣ ቀንሺ። የመጀመሪያውን ቀን ያለ ምንም እርሳስ ግቢ፣ ልብሱ ብቻውን እንዴት እንደሚያንሳፍፍሽ እይ።

ስለ ጦሩ፣ ሐይቅ ላይ አሳ ሚያሰግሩት ሰዎች መተዳደሪያቸው ነው፣ መረባቸውም ውሃ ውስጥ አለ። ስለ አሳ ሀብት የወጣ ህግም አለን፣ ስለዚ ጦር ከመግዛትሽ በፊት ተሁለደሬ ወረዳ ግብርና ሄደሽ ጠይቂ፣ አሳ አስጋሪዎቹንም አናግሪያቸው፣ መረባቸው የት እንዳለ ሚያውቁት እነሱ ናቸው። ፈቀዱም አልፈቀዱም አንቺ ስትጠልቂ መረብ ካለበት ራቂ፣ ስስ ናይለን ነው ደፍርሶ ከሆነ አይታይም፣ ባትሽ ላይ ትንሽ ቢላ ይኑርሽ። ሐይቁ ደግሞ ወደ 80 ሜትር ሚጠልቅበት ቦታ ያለው ነው፣ ዳሩን አትልቀቂ። ብቻሽን በጭራሽ፣ አባትሽ ዋና ያስተማረሽ ሰው ነው፣ ጠዋት አብሮሽ ይውረድ።

ጥያቄ፣ ከደሴ

ልጄ እንደምን ሰነበትክ። ደሴ ፒያሳ ከ30 አመት በላይ ልብስ ስሰፋ የኖርኩ ሰው ነኝ። አንድ ጎረምሳ ወፍራም የጎማ ልብስ አምጥቶ ብብቱ ተተርትሯል ስፋልኝ፣ ወገቡንም ጠበብ አርግልኝ አለኝ። መኪናዬ ላይ ባስገባው መርፌ ሰበረብኝ። እንዲህ ያለ ነገር እንዴት ነው ሚሰፋ?

መልስ

ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ፣ የእርስዎ ጥያቄ ነው ከሁሉም ደስ ያለኝ፣ ደሴ ላይ ይህን ሚጠግን ሰው ቢኖር ስንቱ ልብስ ባልተጣለ ነበር። በመኪና አይስፉት። መርፌው ጎማውን ከዳር እዳር ሲበሳው እያንዳንዷ ቀዳዳ ውሃ ታስገባለች፣ ክሩም ሲወጠር ጎማውን እንደ ቢላ ይቆርጠዋል። ይሄ መጀመሪያ ይጣበቃል ከዛ ነው ሚሰፋው።

የተተረተረውን በለብታ ውሃና በሳሙና አጥበው ጥላ ላይ ያድርቁት፣ ፀሐይ ላይ አይሆንም ጎማውን ያደርቀዋል። የቀድሞው ክር ጫፉ ከቀረ ይልቀሙት። ማጣበቂያው ሲደርቅ እንደ ጎማ ሚለጠጥ መሆን አለበት፣ የጫማ ሰሪ ማስቲሽ ሁሉ አንድ አይደለም፣ አንዳንዱ ደርቆ ይሰነጠቃል፣ ስለዚ መጀመሪያ ቁራጭ ጎማ ላይ ቀብተው በነጋታው ጠምዝዘው ይሞክሩት። ለኒዮፕሪን ተብሎ የተሰራ ከተገኘማ በጣም ጥሩ፣ ልጁ ያስመጣ። ሁለቱንም ጠርዝ ስስ አርገው ይቀቡት፣ ይድረቅ፣ ደግመው ይቀቡት፣ ከዛ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ይታገሱ፣ ጣትዎን ሲያስነኩት ሳያረጥብ ያዝ ያዝ ሲያደርግ ያኔ ጠርዝ ለጠርዝ ግንባር ለግንባር ያጋጥሙት። አንዱ ባንዱ ላይ እንዳይደራረብ፣ የተደራረበ ስፌት ብብት ይልጣል። አንዴ ከነካካ አይላቀቅም እና ከመሃል ጀምረው ወደ ጫፍ እየሄዱ ይጫኑት።

ስፌቱ በእጅ ነው፣ ጎበጥ ባለ መርፌና በናይለን ክር፣ ጨርቅ ባለበት በኩል ብቻ፣ መርፌው የጎማውን ግማሽ ገብቶ በጎን ይውጣ፣ ወደ ውስጥ አይሻገር። ኮት ላይ ቅምቅማቱን ከላይ እንዳይታይ አርገው ሚሰሩት አለ አይደል፣ እጅዎ ያንን ያውቀዋል፣ እሱው ነው። ወገቡን ሲያጠቡለት ልጁ ልብሱን ለብሶ ይቁም፣ ጀርባው ላይ ባዶ ሆኖ ሚነሳውን ቦታ በጠመኔ ያመልክቱ፣ ረዘም ያለ የቅጠል ቅርፅ ያለው ቁራጭ ቆርጠው ያውጡና ጠርዙን እንደነገርኩዎ ያገጣጥሙት። ባንዴ ብዙ አይቁረጡ፣ ሁለት ሳንቲ አውጥተው እንደገና ያስለብሱት፣ መቀነስ ሁሌም ይቻላል መመለስ ግን የለም።

አንድ ቀን ሙሉ ሳይሞላው እንዳይሰጡት። በማግስቱ ብብቱን ውስጡን ወደ ውጭ ገልብጠው እንደ ስልቻ ይያዙትና በጣሳ ውሃ ያፍሱበት፣ ከስር ጠብታ ካልወጣ ልጁ ይምጣና ይውሰድ።